«ቤቱ ራሱን ይከፍላል» ለምትሉ ወገኖቼ

ዛሬ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር ስለማይቀር ወሬ ልጻፍ። እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያለን ሰዎች፣ በተለይ ታክሲ የምንነዳው፣ እቁብ ሲደርሰን ቶሎ የሚመጣልን አንድ ኮንዶ ገዝቶ ማከራየት ነው። ሐሳቡን አልቃወምም። የምቃወመው «ዝም ብለህ ግዛ፣ ቤቱ ራሱን ይከፍላል» የሚለውን ምክር ነው። ቤት ራሱን አይከፍልም። የሚከፍለው ተከራይ ነው፤ ተከራይ ሲጠፋ ደግሞ ባለቤቱ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ ሙያዬ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነበር። ድልድይ ሲነደፍ የሚሰላው በየቀኑ ለሚያልፈው መኪና ብቻ አይደለም፤ ከባድ መኪና ተደርድሮበት ወንዙም ሞልቶ ለሚመጣበት ቀን ጭምር ነው። የኪራይ ቤትም በክፉ ቀኑ ነው መሰላት ያለበት።

ለምሳሌ አብረን እንደምር። ኪራዩ በወር 2,400 ዶላር ነው እንበል። ሞርጌጁ ከታክስና ከኢንሹራንስ ጋር 1,550፣ የኮንዶ ክፍያው 450። በወር 400፣ በዓመት 4,800 ተረፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስሌቱን ያቆማል። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 2,400 ሄደ፤ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። የቀረውን የውሃ ማሞቂያው ይበላዋል። ኤሲው ከተቃጠለማ የዓመቱ ትርፍ በሙሉ ላይበቃው ይችላል።

ኮንዶ ስታዩ ደግሞ በቀለሙና በኩሽናው አትማረኩ። የማኅበሩን የመጠባበቂያ ገንዘብ ሰነድ ጠይቁ። ጣሪያው፣ ፓርኪንጉ፣ አሳንሰሩ መቼ ይታደሳል? ገንዘቡስ አለ? ከሌለ ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ባለቤት ቢል ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ላይ 98 ሰው የሞተበት ሕንፃ ትልቅ ጥገና ሲጓተትበት የቆየ ነበር። ሜሪላንድም በ2022 ማኅበራት የመጠባበቂያ ጥናት እንዲያስጠኑ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ ሰነዱን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም።

ሕጉም ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። ዲሲና ሞንጎመሪ ካውንቲ ያለ ላይሰንስ ማከራየት ክልክል ነው። የማስያዣው ጣሪያ ዲሲ የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ ሜሪላንድም ከጥቅምት 2024 ወዲህ አንድ ወር ሆኗል፤ ቨርጂንያ እስከ ሁለት ወር ይፈቀዳል። ሦስቱም ጋ ተከራይ አልከፍልም ቢል መንገዱ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ቁልፍ መቀየር ወይም መብራት ማጥፋት እናንተኑ ተከሳሽ ያደርጋችኋል። የምትኖሩበትን ቤት ለቃችሁ የምታከራዩ ከሆነም ኢንሹራንሱን ወደ አከራይ ኢንሹራንስ ቀይሩት፤ አለዚያ እሳት የተነሳ ቀን «ይህ አይሸፈንም» ልትባሉ ትችላላችሁ።

አሁን ቅር የሚላችሁን ልናገር። በየግሩፑ «ለሐበሻ ብቻ» የሚል የኪራይ ማስታወቂያ አያለሁ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ የተፈረመው የፌደራል የቤት ሕግ በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ለይቶ ማስታወቅን ይከለክላል። እናንተው የምትኖሩበትን ቤት ቤዝመንት ብታከራዩም፣ ማስታወቂያው በአማርኛ ቢሆንም ያው ነው። ሕጉንም እንተወውና፣ «ለአፍሪካዊ አናከራይም» የሚል ብናይ ምን ይሰማናል? እዚህ አገር በር እንዲከፈትልን ያደረገውን ሕግ እኛው ስንጥሰው ያሳፍራል።

ለወገን ስታከራዩ ደግሞ ውል ጻፉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ብለን በቃል እንስማማለን፤ ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ ክርስትናና ሠርግ ላይ የማይተያዩ ሰዎች እንሆናለን። የኪራዩ ቀን፣ ማስያዣው፣ የጥገናው ነገር ወረቀት ላይ ይስፈር። ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር በሽርክና ስትገዙም እንዲሁ፤ አንዱ መሸጥ ቢፈልግ ምን እንደሚሆን ሳትፈርሙ በፊት ተስማሙ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ፍቅርን ማቆያ ነው።

የእኔ መለኪያ ይህች ናት። ቅድመ ክፍያውንና የመዝጊያ ወጪውን ከፍላችሁ የስድስት ወር ወጪ በእጃችሁ ይቀራል? ከላይ ባለው ምሳሌ 12,000 ዶላር ማለት ነው። ከቀረ፣ ግዙ፤ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። ካልቀረ፣ አንድ እቁብ ጠብቁ። ቤቱ አያልቅም። ሌሊት ተሠርቶ የተጠራቀመ ብር በአንድ ፊርማ ሲያልቅ ግን መልሶ ለማግኘት ዓመታት መንዳት ነው።

አከራይ የሆናችሁ፣ በተለይ ዳላስ፣ አትላንታና ሲያትል ያላችሁ፣ የእናንተ ጋ ሕግ ምን እንደሚል ከታች ጻፉልን። በደህና ንዱ።