የሐይቁን ልጅ ሐይቅ ናፈቀው

በዚህ እትም ላካፍላችሁ ያሰብኩት ጉዳይ ከሌክቸር ኖት የተገኘ አይደለም፤ ከሰፈሬ ከፒያሳ ነው የመጣው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ነው። ለፒያሳ ልጅ ሐይቁ ጎረቤት ነው። ከገብርኤል አደባባይ ሰፊውን ጎዳና ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ፍቅር ሐይቅ ጋ ይደርሳል። ባጃጅ አያስፈልግም፣ መንገድ ጠይቁም አይባልም፤ ነፋሱ ራሱ ይመራል።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መኪናው ላይ አጎንብሶ ይውላል። እሁድ ግን ምሳ ተበልቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ «በሉ ተነሱ፣ አየር እንቀበል!» ይላል። የእኛ ቤት ሽርሽር ይኼው ነው። ፍቅር ሐይቅ ደርሰን ግድቡ ላይ እንወጣለን። ይህ ግድብ የተሠራው ሐይቁ ሲሞላ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ ነው፤ ነገር ግን ሳይታሰብ የከተማዋ ምርጥ የእግር መንገድ ሆኖ አረፈው። በአንድ በኩል ውኃው፣ በሌላ በኩል ዛፉ። ታናናሾቼ ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ጉሬዛ ያያሉ፣ አባ ኮዳ ይቆጥራሉ፣ ርቆ የሚታየው ጥቁር ነገር ጉማሬ ነው ጀልባ ነው ብለው ይጨቃጨቃሉ። በጀታችን ቆሎና ሸንኮራ ነው። አልፎ አልፎ ጠዋት ወደ አሞራ ገደል እንሄዳለን፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ቆሮሶውን ከአምባዛው ለይቶ ማወቅን የተማርኩት እዚያ ነው። ከፍ ስንል ደግሞ ታቦር ተራራ ወጥተን ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ እናያለን። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ እንግዳ የሚከፍልበትን ነገር እኛ በነፃ ነበር የምናገኘው።

«ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

አያቴ ከገጠር ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ነው። እርጅናው ተጫጭኗት ስለነበር ረጅም መንገድ መሄድ አትችልም። አባዬ «ቅርብ በሆነው በኩል እናስገባት፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ውኃውን ትይ» አለ። ስድስት ሆነን ከአንድ የሐይቅ ዳር መዝናኛ በር ላይ ደረስን። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለምና። ጥበቃው በትሕትና «ጋሼ፣ መግቢያ በነፍስ ወከፍ ነው። ምግብና መጠጥም ከውጭ ይዞ መግባት አይቻልም» አለ። አባዬ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ቆይቶ ባዶውን አወጣው። አያቴ የእማዬን የቆሎ ፌስታል አየት አድርጋ «ልጄ፣ ውኃው ይሸጣል እንዴ?» አለችው። ልጁ አፈረ። «እማማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለና ክፍት የሆነውን ዳርቻ በእጁ አመለከተን። እዚያ ግን አያቴ በእግሯ መድረስ አልቻለችም። ተመለስን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት የዚያን ዕለት የእኛ ሆነ።

አሁን ኑዛዜ ላቅርብ። ከዚያ በፊት በነበረው ሴሚስተር እኔና የቡድን ጓደኞቼ የሐይቅ ዳር ሎጅ ፕሮጀክት ሠርተን ነበር። ስንት አልጋ፣ ስንት ሠራተኛ፣ በስንት ዓመት ትርፍ፣ ሁሉንም አስልተናል። ስዕሉ ላይ አጥሩን ከሁለቱም ወገን ውኃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሳብኩት። «ለእንግዳው ጸጥታ» ብለን ነው የጻፍነው። ጥሩ ማርክም አገኘን። በዳርቻው የሚያልፈው ሰው በየት ይሂድ ብሎ የጠየቀን የለም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። እንግዲህ አያቴ የተመለሰችበትን በር በወረቀት ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ለምን አልጠየቅንም? በእኔ እምነት ችግሩ ከትርጉሙ ይጀምራል። በትምህርታችን ጎብኚ ማለት ከዘወትር መኖሪያ አካባቢው ወጥቶ የሚጓዝ ሰው ነው። አዳር ካደረገ ቱሪስት እንለዋለን፤ ካላደረገ የቀን ጎብኚ። አባዬ ታዲያ ምንድነው? ከፒያሳ ተነስቶ ግድቡ ላይ ተንሸራሽሮ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው በዚህ ትርጉም አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በፕላን ውስጥ ቦታ አይኖረውም። ትርጉሙ ለስታቲስቲክስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከተማ ለመንደፍ ግን አይበቃም።

«ኢንቨስትመንት ትጠላለህ ማለት ነው?» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልጠላም። ታላቅ እህቴ እንጀራ የምትበላው ሆቴል ውስጥ ተቀጥራ ነው። የእኛም የምረቃ ተስፋ እዚያው ነው እኮ! መዝናኛ ቤት ለወንበሩ፣ ለምግቡ፣ ለጽዳቱ ማስከፈሉ ተገቢ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ወንበሩ ይሸጥ፣ ዳርቻው ግን ማለፊያ ይኑረው።

ይህ ሕልም እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሜኖርካ የምትባል የስፔን ደሴት አለች። ኑሮዋ ባብዛኛው በቱሪዝም ላይ የተመሠረተ ነው። ደሴቲቱን ዙሪያዋን የሚከብ፣ ካሚ ዴ ካቫልስ የሚባል 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጥንታዊ መንገድ አላት። ስሙ «የፈረሶች መንገድ» እንደማለት ነው፤ ድሮ ፈረሰኞች የባሕሩን ዳር ይጠብቁበት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን መንገዱ በግል ይዞታዎች ውስጥ እየገባ፣ በየቦታው በአጥርና በበር እየተዘጋ ሄደ። ነዋሪው ዝም አላለም፤ ሰልፍ ወጥቶ «መንገዳችን ይከፈት» ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአካባቢው ምክር ቤት ሕዝብ በመንገዱ የማለፍ መብት እንዲኖረው ሕግ አወጣ፤ ብዙ ሥራ ከተሠራ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 መንገዱ በሙሉ ተከፈተ። ታዲያ ሆቴሎቹ ከሰሩ? ኧረ አልከሰሩም! እንዲያውም መንገዱ ራሱ መስህብ ሆነ። ሙቀቱ በርዶ ዋናተኛው ሲቀንስ በእግር የሚጓዘው እንግዳ ይመጣላቸዋል። ለነዋሪው ተብሎ የተከፈተው መንገድ ለእንግዳውም ተረፈ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። በሐዋሳ በዓሉ በድምቀት የሚከበረው በሐይቁ አጠገብ በሚገኘው ጉዱማሌ ነው። ያ ሜዳ ታጥሮ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ የት ይሰበሰብ ነበር? ለዓለም የምናሳየው ትልቁ ቅርሳችን ራሱ ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የጣልንበትን ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ ጠርጎ የሚወስድለት የለም ማለት ነው። ሐይቁን የሚጠብቀው ደግሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ከአጥር ጀርባ ያደገ ልጅ ውኃው ቢቆሽሽ ምኑ ይነካል? ታናናሾቼ ግን አባ ኮዳ ሲቆጥሩ ያደጉ ስለሆኑ አንዱ ላስቲክ ሲውጥ ያዩ ዕለት ማታ እራት አልበሉም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች በተዳረሰው የኮሪደር ልማት ምክንያት የእግረኛ መንገድ የሁሉም ሰው ወሬ ሆኗል። ጊዜው ጥሩ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከእኛ መካከል ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች አንድ እሁድ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል በእግራችን ሄደን የቱ ክፍት፣ የቱ ዝግ፣ የቱ ለአዛውንትና ለዊልቸር የማይመች እንደሆነ በካርታ እንመዝግብ። ካርታውን ለከተማው አስተዳደር መስጠት አያቅተንም። ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን የፕሮጀክት ሥራችንን ሲያርሙ አንድ ጥያቄ ይጨምሩልን፦ «የማይከፍለው ሰው በየት ያልፋል?» ይህን ያልመለሰ ስዕል ሙሉ ማርክ ባያገኝ አይከፋኝም፤ የእኔንም ጨምሮ።

አያቴ ወደ አገሯ ስትመለስ ጎረቤቶቿ «ሐይቁን አየሽው ወይ?» ብለው እንደሚጠይቋት ነግራኝ ነበር። «ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት። «ሸተተኝ እላቸዋለሁ» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ቸር እንሰንብት።