ፋራ የመሰለ በር

አራዳ መጀመሪያ ገበያ ነበር። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዞሩ በፊት፣ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን አጠገብ ሻጩም ገዢውም ሌባውም ተደባልቆ ይውል ነበር። ብልጡን ሰው “አራዳ” ያሰኘው ያ ሰፈር ነው።

በዚያ ዘመን ንብረት ሲጠፋ ሌባ የሚፈለግባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች ነበሩ። በአፈርሳታ የአካባቢው ሰው በሙሉ ወጥቶ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡ በጨርቅ ታስሮ እየተንገዳገደ ይመራል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ሁለቱም ፍለጋውን የሚጀምሩት ከሁሉም ሰው ነው፤ ንጹሑ ንጽሕናውን ያስረዳ ይባላል።

የዛሬው የኮምፒውተር ጥበቃም ከአፈርሳታ ብዙ አልራቀም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ፓስወርዷን ሦስት ጊዜ ስትሳሳት ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ አለቃው ከመስክ ሆኖ ኢሜይሉን ሲከፍትም ይጮኻል። ከዚህ ሁሉ ጩኸት መሀል እውነተኛው ሰርጎ ገብ ኮቴው ሳይሰማ ያልፋል። እኔ የምለው ተቋሞቻችን አጥር ከመደራረብ ባሻገር ሆን ብለው የተበላሸ በር መሥራት ይልመዱ ነው።

አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። ከእውነተኞቹ ሰርቨሮች ጎን “የደመወዝ መጠባበቂያ” የተባለ አንድ ተጨማሪ ይቆማል። ሶፍትዌሩ ለዓመታት ያልታደሰ፣ ክፍተቱ በሃከሮች ዘንድ የታወቀ፣ ፓስወርዱም ማንም የሚገምተው ነው። ውስጡ የሌሉ ሠራተኞች ስምና የሌለ ደመወዝ ተደርድሯል። ከየትኛውም ሥራ ጋር ስላልተገናኘ ከሠራተኛው ማንም የሚነካበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ እጅ ሲነካው “ስህተት ይሆን?” ብሎ መጠራጠር አያስፈልግም። ማሽኑ ማጥመጃ ነው፤ ላዩ ፋራ፣ ውስጡ አራዳ። ንብ አርቢ ባዶ ቀፎ አጥኖ ዛፍ ላይ እንደሚሰቅለው መሆኑ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ በካሊፎርኒያው ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የ75 የአሜሪካ ሳንቲም የሂሳብ ጉድለት ሲያጣራ ሰርጎ ገብ አገኘ። ሰውየው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ የስልክ መስመሩን ተከትሎ መድረስ አስቸገረ። ስቶል ወታደራዊ ምስጢር የሚመስል የሐሰት ሰነድ ጽፎ አስቀመጠለት። ሰውየው ያን ሲያነብ ቆየ፤ ክትትሉም ጀርመን ሃኖቨር ደረሰ። የሰረቀውን መረጃ የሚገዛው የሶቪየቱ ኬጂቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዳት የማያደርሱ ስህተቶችን ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ በብዛት የመዝራት ሐሳብ አቀረቡ፤ አጥቂው የማይረባውን ሲፈትሽ እንዲደክም። ይሄኛው ብዙም አይጥመኝም። ጊዜውን ይበላበታል፤ ማን እንደመጣ ግን አይነግረንም።

ከእኛ አገር የምጠቅሰው ማንም ያላጠመደው ወጥመድ ነው። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ብር አወጡ፣ አስተላለፉም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ፤ ፕሬዚዳንቱ አቤ ሳኖ ያላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገሩ። ብሩን ያወጣ ሁሉ በገዛ ስሙና በገዛ ሂሳቡ ነው ያወጣው። ባንኩም ቆይቶ አልመለሱም ያላቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶ ለጠፈ።

ከሩቅ ላየው፣ ሌባ በገዛ እጁ የፈረመበት ወጥመድ ይመስላል። ግን በሩ የእውነት፣ ብሩም የእውነት ነበር። በዚያው በር የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ለእናቱ ብር የሚልክ ሰው ያልፋል። ስለዚህ ማን አውቆ፣ ማን ሳያውቅ እንደወሰደ ለመለየት ተመልሶ የዚያን ሌሊት ደንበኛ ሁሉ ማጣራት ግድ ሆነ፤ አፈርሳታ በዲጂታል መጣች ማለት ነው። የማጥመጃ ዋጋው ንጹሕ ሰው በማያልፍበት ቦታ መቆሙ ላይ ነው። ከጀርባውም ባዶ ግድግዳ መኖር አለበት፤ ከእውነተኛው ኔትወርክ በደንብ ካልተነጠለ ለሌባው መሰላል ይሆነዋል።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ፣ ከህዳሴ ግድብ ጋር የተያያዙ ጥቃቶችን ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ማክሸፍ ጥሩ ነው። የመጣውን እንግዳ ግን የውሸት ሳሎን አስገብቶ የትኛውን መሳቢያ ቀድሞ እንደሚከፍት ማየት፣ ለሚቀጥለው ጥቃት ያዘጋጃል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ይሁን እንጂ ማጥመጃው ላይ የተመዘገበው የአይፒ አድራሻ ባለቤት ኮምፒውተሩ ሳያውቀው የተጠለፈበት ምስኪን ሊሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያው ምርመራ ያስጀምር፤ የሌባ ሻይ ልጅ እንደወደቀበት ቤት አይቆጠር።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአይቲ ባለሙያ ማለት ፕሪንተር ጠጋኝ በሆነበት መሥሪያ ቤት፣ ደወሉ ሌሊት 9 ሰዓት ቢጮህ ማን ይሰማዋል? የምታዝዙ ኃላፊዎች፣ ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት የሌሊት ተረኛውን መድቡ።