«ኢስላሚክ» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም



ዐረብ አገርና አሜሪካ ያሉ እህት ወንድሞቻችን «ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ምን ላድርጋት?» ሲሉ የሚጠይቁት ዩኒቨርሲቲ የገባውን ልጅ ነው። የታዳጊ ገበያዎች ኢቲኤፍ ከተነሳ ምን እንመልስ?

ኢቲኤፍ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የያዘ፣ ራሱም እንደ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ ነው። የታዳጊ ገበያዎቹ የቻይናን፣ የታይዋንን፣ የህንድን፣ የብራዚልን፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የሳዑዲን ኩባንያዎች ይይዛል።

አክሲዮን ሁሉ ቁማር ነው በሚለው አልስማማም። በመድረሳ ሙሻረካን ተምረናል፤ ትርፉም ኪሳራውም የጋራ ነው። ጥያቄው ሸሪካችን ማን ነው የሚለው ነው። በመደበኛው ፈንድ ውስጥ ትልልቅ የወለድ ባንኮች አሉ።

«ኢስላሚክ» የተባሉት ፈንዶች ባንክን፣ አልኮልንና ቁማርን ያስወጣሉ። ማጣሪያቸው ግን አንድ አይደለም። ኤምኤስሲአይ በኢስላሚክ ኢንዴክሱ የኩባንያውን ዕዳ ከጠቅላላ ንብረቱ ጋር አነጻጽሮ ከ33.33 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። አዮፊ የሚባለው የኢስላማዊ ፋይናንስ መስፈርት አውጪ ደግሞ 30 በመቶ ይላል፤ የሚያነጻጽረውም ከአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ ጋር ነው። ስለዚህ በአንዱ ያለፈ ኩባንያ በሌላው ሊወድቅ ይችላል። ምህንድስና የምንማር ሰዎች «30 በመቶ» ሲባል «ከምኑ?» ብለን ሳንጠይቅ አናልፍም፤ እዚህም አንለፍ። እስከ 5 በመቶ የሚታለፈው ሐራም ገቢም ለባለ አክሲዮኑ አይፈቀድም፤ ድርሻውን አስልቶ ለድሆች መስጠት አለበት።

ሐላል መሆን ከኪሳራ አያድንም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታዳጊ ገበያዎች አክሲዮን ከዋጋው ከግማሽ በላይ አጥቷል። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. የሩሲያ አክሲዮኖች ከኢንዴክሱ የወጡት በዜሮ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። የሐጅ፣ የመህርና የእናት መታከሚያ ገንዘብ እዚህ ውስጥ መግባት የለበትም።

ይህ የውጭ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ድርጅት ባንክ ነው። ነገ እኛም በብር ስንገዛ ጥያቄው ይኸው ነው። ስለዚህ ለዘመዶቻችን «ኢስላሚክ ስለሚል ግዙ» አንበል። የፈንዱን ዝርዝርና የማጣሪያውን መስፈርት አብረን እናንብብ፤ ብይኑን ዑለማዎችን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።