በሞግዚት ላይ ስለሚደረብ ሥራና ስለ ክፍያው፤ ከባሕር ማዶ ለወገን የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በሀገር ቤት ሞግዚት ቀጥረው ለሚያሠሩ፣ በሞግዚትነት ለሚያገለግሉ፣ እንዲሁም ሁለቱን ለሚያገናኙ ወገኖች።

የሞግዚት ደመወዝ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ በሚከፈልባቸው ቤቶች የሥራው መብዛት ላኪውንም ይመለከታል፤ ለሕፃን ጥበቃ የገባችው ሴት የአያትን መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት የምትጀምረው ብዙውን ጊዜ ውጭ ያሉት ልጆች በስልክ «እሷ አለች አይደል?» ካሉ በኋላ ነው፤ ክረምት ላይ ለዕረፍት የሚመጣው ቤተሰብም ልብሱንና ሳህኑን የሚጨምረው በእሷው ላይ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው ከዚህ ኃላፊነት በመነሣት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሞግዚት የሚባለው ሕፃን ለመጠበቅ፣ ለመመገብና ለማስተኛት የተቀጠረ ሰው ሲሆን፣ ሥራ መደረብ የሚባለው ደግሞ የቤት ሠራተኛ ሥራ፣ ማለትም ማብሰሉ፣ ጽዳቱና አጠባው፣ ደመወዝ ሳይነካ በሞግዚቷ ላይ መታከሉ ነው። መደረቡ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሕፃኑ ሲተኛ ሽንኩርት ክተፊ ይባላል፣ የእሱን ልብስ ስታጥብ እግረ መንገዷን የአባትዬው ሸሚዝ ይታከላል፣ በመጨረሻም ሠራተኛዋ ስትለቅ ሌላ እስክትገኝ ተብሎ ማዕድ ቤቱን ትረከባለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላዋን የሚፈልግ አይኖርም።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ሞግዚቶች ጭማሪ ከመጠየቅ ይልቅ መልቀቅን ይመርጣሉ፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው። ደመወዙ መጀመሪያ የተቆረጠው በአመዛኙ በደላላ በኩል ነው፤ ደላላው ኮሚሽን የሚያገኘው ደግሞ ቅጥር በተፈጸመ ቁጥር እንጂ ደመወዝ በተሻሻለ ቁጥር ስላልሆነ፣ ቅሬታ ሲቀርብለት ከኪሱ የሚያወጣው መፍትሔ ሌላ ቤት ነው። ጥያቄው ውለታ ቢስነት ተብሎ እንዳይቆጠርባት የምትሠጋው ሴትም «እናቴ ታመው ነው» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። በየቤቱ «ሠራተኛ አልበረክት አለ» እየተባለ የሚሰማው ምሬት ከፊሉ ያልተደረገ የደመወዝ ድርድር ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጉዳቱም በመጀመሪያ የሚያርፈው የለመዳትን ሰው በድንገት በሚያጣው ሕፃን ላይ ነው።

የተደረበው ሥራ ስንት ያወጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከገበያው ይገኛል። በከተማ ልብስ አጣቢና እንጀራ ጋጋሪ በተመላላሽነት፣ ማለትም ቤቷ እያደረች በተወሰኑ ቀናት ብቻ እየመጣች፣ ለብቻው ተከፍሏት እንደምትሠራ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሞግዚቷ በሳምንት ሁለት ቀን እንድትጋግር ከተፈለገ፣ የሰፈሩ ጋጋሪ ለዚያው ሊጥ የምትጠይቀው ዋጋ የድርድሩ መነሻ ሊሆን ይገባል። ምግብና መኝታ ተችሏታል የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አያስኬድም፤ ምግቡና መኝታው ሥራው ከመጨመሩ በፊትም ነበሩና። ገበያው የማይተምነው ሌሊቱን ነው፤ ሁለተኛ ልጅ ተወልዶ ሞግዚቷ በሌሊት ሁለት ሦስቴ እየተነሣች ጡጦ የምታዘጋጅ ከሆነ፣ ብር ብቻውን ስለማይበቃ በማግስቱ የምታርፍበት ሰዓትና በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን አብረው መነሣት አለባቸው። ደግሞም በጭማሪ እንኳ ሊደረብ የማይገባው ሥራ አለ፤ ዳዴ የሚል ሕፃን በምትጠብቅ ሴት ላይ የጋለ ምጣድ መጨመር የክፍያ ሳይሆን የሕፃኑ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ድጋፍ ቀጭን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ያደረገ ሲሆን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2601 ጀምሮ አሠሪው ቤት የምታድር ሠራተኛ በመኖሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ረገድ ጤንነቷ እንዲጠበቅ ግዴታ ይጥላል። በባሕር ማዶም ቢሆን ነገሩ ቶሎ አልተስተካከለም፤ የአሜሪካ የሥራ ሰዓትና የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ትቶ፣ ያካተታቸው በ1974 ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የዚሁ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ አልፎ አልፎ ልጅ ለሚጠብቅ ሰው ያበጀው መለኪያ ነው፤ ከልጁ ጋር የማይገናኝ የቤት ሥራ ከጠቅላላው ሰዓት 20 በመቶ ካለፈ፣ ሰውዬው ልጅ ጠባቂ ብቻ ነው ተብሎ ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ሊደረግ አይችልም። በዚያው በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንጎምሪ ካውንቲም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ፣ አሠሪ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ለሚሠራ የቤት ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ የሚዘረዝር የጽሑፍ ውል እንዲያቀርብ ያዛል።

የሀገር ቤቷ ሞግዚት ይህን የመሰለ የሕግ ጥበቃ እስክታገኝ ድረስ በአንድ ገጽ ወረቀት ብዙ መሥራት ይቻላል፤ በቅጥሩ ዕለት የተስማሙበት ሥራ ተጽፎ፣ አዲስ ሥራ ሲመጣ እስከ መቼ እንደሚቆይና ስንት እንደሚከፈልበት ይታከልበታል። ሞግዚቷም ጥያቄዋን የምታነሣው ሥራው በተጨመረ ሰሞን ቢሆን ይሻላል፤ ስድስት ወር ዝም ተብሎ የተሠራ ሥራ በአሠሪው ዘንድ ድሮም የነበረ ይመስላልና። ውጭ ያሉት ልጆች ደግሞ ለአያት እንክብካቤ በሚልኩት ገንዘብ ውስጥ የሞግዚቷን ድርሻ ለይተው ቢልኩና ለእሷም ቢነገራት፣ ለክረምት የሚመጣውም ቤተሰብ የእንግዳውን ወራት ጭማሪ ከመድረሱ በፊት ቢስማማ መልካም ነው፤ ለመሰናበቻ የሚሰጠው ሽቶና የተለበሰ ልብስ ከዚህ ሒሳብ አይገባም።