ስለ ቤት ኪራይ ዋጋ ምስክርነት

ሰው ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚሻው መጠለያ ነው። የመጠለያውም ዋጋ በእውነት ካልታወቀ፥ መንግሥት በአከራይና በተከራይ መካከል የሚሰጠው ፍርድ በግምት የቆመ ይሆናል። ስለዚህ የኪራይ ዋጋ በምን መንገድ ይመረመራል የሚለው ጥያቄ የድኻውን ጓዳ የሚነካ ነው።

በአሜሪካ አገር ጄፍ ቦይንግና ፖል ዋዴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ክሬግስሊስት በሚባለው የበይነ መረብ ገበያ የወጡትን 11 ሚሊዮን ያህል የኪራይ ቤት ማስታወቂያዎች ሰብስበው መረመሩ፤ የደረሱበትንም በ2017 አሳተሙ። የመንግሥት ቈጠራ ዘግይቶ የሚናገረውን ነገር ማስታወቂያው ሰፈርን ከሰፈር እየለየ ወዲያው ስለሚያሳይ፥ ይህ ዘዴ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ማስታወቂያ የሚነግረን አከራዩ የጠየቀውን እንጂ ተከራዩ የከፈለውን አይደለም። አንዱ ቤት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ የተወደደው ቤት ብዙ ቀን ሲታይ ይሰነብታል፤ ርካሹ ግን ወዲያው ተይዞ ይጠፋል። ቦይንግም በኋላ ባደረገው ምርመራ፥ ማስታወቂያዎቹ ሀብትና ትምህርት የበዛባቸውን ሰፈሮች አብልጠው እንደሚያሳዩ ገልጧል። እንግዲህ በጐረቤት አፍ ተነግሮ የሚከራየው የድኻ ክፍል በዚህ መዝገብ ስም የለውም ማለት ነው።

በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፥ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፥ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቈጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን አዝዟል። ይህን መጠን የሚወስነው ሹም የደላላውን ማስታወቂያ ብቻ ቢመለከት፥ ዋጋው ከእውነቱ በላይ ሊታየው ይችላል። የተመዘገበውን ውል ብቻ ቢመለከት ደግሞ፥ ግብርን በመፍራት ተቀንሶ የተጻፈውን ቍጥር እውነት ነው ብሎ ሊቀበል ይችላል። ነገር በአንድ ምስክር እንደማይጸና ሊቃውንቶቻችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ያልተገላበጠ ያራል የሚለውም የአባቶች ምሳሌ ለዚህ የተገባ ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያውን በየጊዜው ቢሰበስቡ፥ የባለቤቱን ስምና ስልክ ቢያስቀሩ፥ አንዱን ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ቢቈጥሩና ከተመዘገበው ውል ጋር ቢያስተያዩ መልካም ነው። ማስታወቂያ ወደማይወጣበት ግቢ ግን በእግር ሄዶ የሚጠይቅ ሰው መላክ ግድ ነው፤ አዋጁ ይበልጥ የታሰበለት ድኻ የሚገኘው በዚያ ነውና። ሚዛኑ የቀና እንደሆነ ፍርዱም የቀና ይሆናል።