ፋየርዎል እያለ ከሩቅ የሚገቡት እንዴት ነው? በሩን የሚከፍተውስ ማነው?

እ.ኤ.አ በሐምሌ 2025 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ክርስቲና ቻፕማን በተባለች የአሪዞና ነዋሪ ላይ የ8 ዓመት ተኩል እስር ፈርዷል። የጉዳዩ ማጠንጠኛ፦ እቤቷ ውስጥ ላፕቶፖች ደርድራ ሌሎች ሰዎች ከሩቅ እንዲሰሩባቸው ማድረጓ ነው።

ሰዎቹ የሰሜን ኮሪያ የአይቲ ባለሙያዎች ነበሩ። በተሰረቀ የአሜሪካውያን ማንነት ከ300 በላይ በሆኑ የአሜሪካ ኩባንያዎች ተቀጥረዋል። ኩባንያው "አዲሱ ሰራተኛችን እቤቱ ሆኖ ይሰራል" ብሎ ላፕቶፑን እሷ ጋ ይልካል። እሷ ታበራዋለች፣ ኢንተርኔት ታገናኘዋለች፤ እነሱ ባህር ማዶ ሆነው ይሰሩበታል። ኩባንያው የሚያየው የአሪዞና ኢንተርኔት አድራሻ ነው። በዚህ መንገድ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኝቷል። ኤፍቢአይ ቤቷን ሲፈትሽ ያገኛቸው ላፕቶፖች ከ90 በላይ ናቸው።

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ሲሆን ፋየርዎሉ የት ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋየርዎል እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣን እንግዳ ያስቆማል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣን ግን ብዙም አይጠይቅም፤ የወጣው ሲመለስም ያስገባዋል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ዩቲዩብ እንኳን ከፍተን ማየት አንችልም ነበር።

ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር እና ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀሙት ይህችን ክፍተት ነው። የቢሮው ኮምፒውተር ራሱ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይደውላል። እናንተም ከስልካችሁ ወደዚያው ሰርቨር ትደውላላችሁ። ሰርቨሩ መሃል ላይ ሆኖ ያገናኛችኋል። ራውተር መነካካት የለም፣ ፖርት መክፈት የለም። ዘበኛው የሚያየው ከውስጥ የወጣ ግንኙነት ብቻ ስለሆነ ያሳልፈዋል።

ይሄ በራሱ ክፋት የለውም። እዚህ ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሰራ ወጣት፣ የእናቱን ላፕቶፕ ከዱባይ ሆኖ የሚያስተካክል ልጅ፣ ሁሉም በዚህ ይጠቀማል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በሩ የሚከፈተው ከውስጥ ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው በማን እጅ ነው?

ለዚህ ነው አጭበርባሪዎች ፋየርዎል ለመስበር የማይደክሙት። ሰውየውን ማሳመን ይቀላቸዋል። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ በየካቲት 2019 ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነበር፤ አጭበርባሪው ኤኒዴስክ ያስጭንና ስልኩ ላይ የሚመጣውን ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከተነገረውና ፈቃድ ከተሰጠው በቃ፣ ስልኩ በእጁ ገባ ማለት ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ አልዳኑም። እ.ኤ.አ በግንቦት 2021 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ የሚያቀርበው ኮሎኒያል ፓይፕላይን ለቀናት ሥራ ያቆመው፣ ጠላፊዎች በአንድ የተረሳ የቪፒኤን አካውንት ስለገቡ ነው። አካውንቱ ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ "አካውንትህን አከራየን፣ ኤኒዴስክ ብቻ ጫንና ላፕቶፑን ሳታጠፋ ተወው፣ በየወሩ እንከፍልሃለን" የሚል መልዕክት ቢደርሳችሁ የአሪዞናውን ጉዳይ አስታውሱ። ሥራውን የሚሰራው ማን እንደሆነ አታውቁም። መዝገብ ላይ የሚቀረው ግን የእናንተ ስም፣ የእናንተ መታወቂያ፣ የእናንተ ኢንተርኔት አድራሻ ነው። ነገር ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚፈለገውም ባለስሙ ነው።

እውነተኛ ሥራ ኖሯችሁ ከሩቅ መግባት ካስፈለጋችሁ ደግሞ፦

🔹 የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ መጀመሪያ የአይቲ ክፍሉን አስፈቅዱ። ዘበኛውን ማለፍ መቻል፣ ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

🔹 መተግበሪያውን ከራሱ ድረገጽ ወይም ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ። በቴሌግራም የተላከ ፋይል አትጫኑ።

🔹 ረጅም ፓስወርድ እና ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ።

🔹 ዊንዶውስ ለሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበትን ፖርት 3389 በራውተራችሁ ላይ ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉ። እንዲህ ያለ ክፍት በር ሌት ተቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ።

🔹 ስትጨርሱ ዝጉት። የማትጠቀሙበትን አካውንት ሰርዙ።

🔹 "ከባንክ ነው የምንደውለው" ብሎ እንዲህ ያለ መተግበሪያ የሚያስጭናችሁ ካለ ስልኩን ዝጉበት።

ፋየርዎል የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣውን ነው። እኛው በእጃችን ያስገባነውን ግን የሚያስወጣልን ዘበኛ የለም። ቤት ውስጥ ስማርት ስልክ ለያዙ ታላላቆቻችሁም ይቺን ንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚደወለው ለእነሱ ነው።