«ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው»

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕግ፣ ስለ ግብርና ስለ ባለሥልጣናት ተጠያቂነት ስጽፍ የቆየሁ ሰው ዛሬ ስለ ሞባይል ስልክና ስለ ሬዲዮ ሞገድ ልጽፍ ስነሣ፣ አንዳንዶቻችሁ «ምነው፣ የሚጽፈው አለቀበት እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። አላለቀብኝም። ነገሩ ያው የሕግና የተጠያቂነት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ፣ ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ለእናታችን ስልክ ላከችላት። ብርማ፣ እየታጠፈ የሚዘጋ፣ ለዚያ ዘመን ዓይን ጌጥ የሆነ ስልክ ነበር። እኔም በስንት ደጅ ጥናት ያገኘሁትን ሲም ካርድ ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድሁ። ባትሪውን ነቀልሁ፣ ስልኩን አገላበጥሁ፤ ሲም የሚገባበት ቦታ የለውም። የሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ አንድ ጊዜ አየት አደረገውና «ይሄ የአሜሪካ ነው፤ እዚህ አይሠራም» ብሎ መለሰልኝ። እኅቴ ስልኩን የሸጠላትን መደብር ብትጠይቅ «ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው» ተባለች። እናቴ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው። የልጇ የስንት ሌሊት ፈረቃ ላብ እዚያው ተቀመጠ። «እሷ ምን ታድርግ፣ አላወቀች» አለችኝ።

ይህቺ «አላወቀች» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ለመሆኑ ማወቅ የነበረበት ማን ነው?

የሞባይል ስልክ በመሠረቱ የሚሰማም የሚናገርም ሬዲዮ ነው። ከጃፓን የመጣች ቪትዝ የገዛ ሰው ነገሩን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የመኪናዋ ሬዲዮ የተሠራው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ይዘልቅ ለነበረው የጃፓን ኤፍ ኤም ነው፤ ሸገር ደግሞ 102.1 ላይ ነው። ሬዲዮው አልተበላሸም፣ ጣቢያውም አልተዘጋም፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የለም እንጂ። የእኛ የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀመር ጂኤስኤም በሚባለው ሥርዓት፣ በ900 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር። አሜሪካኖች ጂኤስኤምን የዘረጉት በ850 እና በ1900 ላይ ነው። የእኅቴ ስልክ ጭራሹን ከጂኤስኤም ወገን አልነበረም፤ ሲዲኤምኤ የሚባለው ነበር፤ በዚያ ሥርዓት አሜሪካ ውስጥ የደንበኛው ማንነት በሲም ካርድ ሳይሆን በራሱ በስልኩ ውስጥ ይመዘገብ ነበር። (ሲዲኤምኤ በእኛም አገር መጥቶ ሄዷል። ለእናቴ ስልክ ግን የሚፈይደው አልነበረም፤ ሻጩ ለራሱ ብቻ እንዲታዘዝ ቆልፎታልና።)

እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራን ባልደረቦቼ ጣልቃ ገብተው «ይህ እኮ የተፈጥሮ ሕግ ነው» ይሉኛል። የተፈጥሮን ድርሻ አልክድም። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የ1800 ግማሹ ነው፤ 5ጂ በብዛት የሚሠራበት የ3500 ደግሞ 9 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ዝቅተኛው ሩቅ ይጓዛል፣ ግድግዳም ይሻገራል። ከፍተኛው ቶሎ ይደክማል፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ሰፊ ቦታ ስለሚገኝ ብዙ መረጃ ያሳልፋል። ስለዚህ ለመንዝ ገጠርና ለቦሌ ሕንፃዎች የተለያየ ሞገድ መመረጡ ያስኬዳል። ዳሩ ግን ፊዚክስ 900ን ለአዲስ አበባ፣ 850ን ለዋሽንግተን ብሎ አልደለደለም። የደለደሉት ሰዎች ናቸው፤ ያውም ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ፈርመው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምድርን በሦስት ክልል ከፍሎ አፍሪካንና አውሮፓን በአንደኛው፣ የአሜሪካን አህጉራት በሁለተኛው አስቀመጣቸው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮቹ በ900 ላይ ለአንድ የጋራ የሞባይል ሥርዓት ቦታ እንዲለቁ አዘዘ፤ በኋላ አንድ ስልክ ከሊዝበን እስከ አቴና መሥራት ቻለ። ሲፈለግ፣ ስልክና ማማ በሕግ ይግባባሉ።

ሳይፈለግስ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቴሌቪዥን የሚለቀቀውን የ700 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለጨረታ አቅርባ በ19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠች። በዚህ ሞገድ የታችኛው ክፍል ላይ ኤቲ ኤንድ ቲም፣ ትንንሽ የገጠር ኩባንያዎችም ጎን ለጎን ድርሻ ያዙ። ለዚህ ክፍል በመስፈርት አውጪዎች ዘንድ «ባንድ 12» የሚባል ቁጥር ተሰጥቶት ነበር። ከዚያ በውስጡ ጠበብ ያለ «ባንድ 17» የሚባል ሌላ ቁጥር ተፈጠረ። ባንድ 17 ኤቲ ኤንድ ቲ የሚጠቀምባቸውን ድርሻዎች ያቅፍና ብዙዎቹ ትንንሽ ኩባንያዎች የገዙትን «ኤ» የተባለውን ድርሻ በውጭ ይተወዋል። የተሰጠው ምክንያት በአጠገቡ ያለው የቴሌቪዥን ቻናል 51 ይረብሻል የሚል ነበር። ምክንያቱ ከነጭራሹ ሐሰት ነው አልልም። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ስልክ አምራቾች የሚሠሩት ለትልቁ ገዢ ስለሆነ ስልኮቹን በባንድ 17 አመረቱ። ትንንሾቹ ሞገዱን ገዝተው፣ ገንዘቡን ከፍለው፣ ማማቸውን የሚሰማ ስልክ አጡ። አቤቱታው ለዓመታት ተጎትቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤቲ ኤንድ ቲ ባንድ 12ን ለመቀበል ቃል ገባ፤ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም ይህንኑ በትእዛዝ አጸናው። እንግዲህ እጠይቃለሁ፦ በ2013 የፊዚክስ ሕግ ተሻሻለ?

ይህ ነገር በእኛ ኪስ ውስጥም ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አይፎን 5 መልኩ አንድ ሆኖ ውስጡ ይለያይ ነበር። ጀርባው ላይ ኤ1428 የተጻፈበት በ4ጂ የሚያውቀው ባንድ 4ንና ባንድ 17ን ብቻ ነው። ኤ1429 የሚለው ደግሞ ባንድ 3ን፣ ማለትም 1800ን ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ 4ጂ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው በዚሁ በ1800 ላይ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ከአሜሪካ በአንድ ሻንጣ የመጣላቸውን አንድ ዓይነት ስልክ ይዘው አንዱ የ4ጂ በር ሲከፈትለት ሌላው ውጭ የሚቀርበት ምክንያት በጉንዳን ፊደል የተጻፈች አንዲት የሞዴል ቁጥር ነበረች። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የጊጋባይቱ መጠን ነው።

«ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው፤ የዛሬ ስልክ ሁሉንም ባንድ ይይዛል» የሚል ይኖራል። ውድ የሆነው ስልክ እውነትም ብዙ ይይዛል። ችግሩ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። 4ጂ ሲፈጠር የተሠራው ለመረጃ ብቻ ነው፤ ድምፅን ለማስተላለፍ ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርድ ነበር። በ4ጂ ላይ በቀጥታ ለመደወል ቮልቲኢ የሚባል ሌላ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ እሱም ስልኩ ስለቻለ ብቻ አይሠራም፣ የኔትወርኩ ባለቤት ያንን ሞዴል ሊያውቀውና ሊፈቅድለት ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂን በየካቲት 2022 ዘጋ፤ ቲ ሞባይልና ቬራይዘንም በዚያው ዓመት ተከተሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ የ3ጂ ማማዎች ሲጠፉ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር መደወል የማይችሉ ስልኮችን ኩባንያዎቹ ከኔትወርክ እንዲያስወጡ በደንብ ተገደዱ። ከውጭ የተገዙ፣ 4ጂ ያላቸው፣ ደህና የነበሩ ስልኮች ሳይቀሩ ከጨዋታ ወጡ።

ባለፈው ዓመት እናቴ እኅቴን ልትጠይቅ ሜሪላንድ ሄደች። እኔ ከመርካቶ የገዛሁላትን ስልክ ይዛ ነበር። እዚያ ሲም ገዝተው አስገቡላት፤ የኔትወርኩ ምልክት ሞላ፣ ቴሌግራም ገባ፣ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ላከችልኝ። መደወል ግን አልተቻለም። ቀን ሁሉም ሥራ ሲሄድ ብቻዋን የምትውል፣ ደም ግፊት ያለባት ሴት፣ በሙሉ ኔትወርክ መካከል ተቀምጣ ልጇን መጥራት አልቻለችም። እኅቴ ደውላ ጠየቀች። የተሰጣትን መልስ ልድገመው? ከ2007ቱ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ሌላውን ከስሶ ራስን መርሳት ደግ አይደለምና። እያንዳንዱ ስልክ አይኤምኢአይ የሚባል ባለ 15 አሃዝ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ። ሞዴሉ ከታወቀ የትኞቹን ባንዶች እንደሚይዝ ይታወቃል። ስልኩ ማማ ላይ ሲመዘገብ ኔትወርኩ ይህን ቁጥር ጠይቆ ያየዋል። ስለዚህ በአገራችን ያሉት ሁለቱ ኩባንያዎች፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ የማን ስልክ ከየትኛው ማማ ጋር እንደሚግባባና እንደማይግባባ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ማወቅ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም ኮንትሮባንድና የተሰረቀ ስልክ ለመከላከል በሚል ስልኮችን በዚሁ ቁጥር መመዝገብ ሲጀምር፣ ያልተመዘገበን ስልክ አንድ በአንድ ለይቶ መዝጋት የሚችል መሣሪያ እጁ ላይ እንደነበረ ሁላችንም አይተናል። ቀረጥ ያልተከፈለበትን ስልክ ለይቶ የሚያውቅ ዓይን፣ አንዲት እናት ነገ ጥሪ የሚቋረጥባት መሆኑን ለማየት ሲሆን ለምን ይፈዛል? ለመዝጋት ያገለገለ እውቀት ለመንገር የማያገለግልበት ምክንያት ቴክኒካዊ አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደርና የመሣሪያዎችን ብቃት የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት። ሞገዱ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ኩባንያዎቹ በፈቃድ የሚጠቀሙበት እንጂ የሚወርሱት አይደለም። እንግዲህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በየወረዳው የትኛው ባንድ በየትኛው ትውልድ እንደሚሠራ ኩባንያዎቹ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ያውጡ። ስልክ የሚሸጥ ሰው ካርቶኑ ላይ ባንዶቹንና የቮልቲኢውን ነገር በሚነበብ ፊደል ይለጥፍ። 2ጂም ሆነ 3ጂ በየትኛውም ቀን ይዘጋ ቢባል፣ ስልኩ ለሚሞትበት ደንበኛ ሁሉ ቢያንስ ከዓመት በፊት በራሱ ስልክ ላይ፣ በራሱ ቋንቋ መልእክት ይድረሰው። አሜሪካና አውስትራሊያ የተማሩትን ትምህርት ያለ ክፍያ ልንወስደው የምንችለው አሁን ነው፤ ማማው ከጠፋ በኋላ አይደለም።

አንድ ወዳጄ ይህን ረቂቅ አንብቦ «ገበሬው ባንድ 8 ብለህ ብትጽፍለት ምን ያደርግለታል?» አለኝ። የዩሪያ ከረጢት ላይ ናይትሮጂን 46 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ገበሬው ኬሚስት አይደለም፤ ቁጥሩ ተጭበርብሮ ሲገኝ ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይዞት ይከራከርለታል። የተጻፈ ቁጥር ሁሉም ባያነበው እንኳ የሚከሰስበት ማስረጃ ነው። ያልተጻፈ ቁጥር ግን ሁሌም ገዢውን «አላወቀም» ያሰኛል። ደግሞስ ስለ ገበሬው ከማውራታችን በፊት፣ የካሜራውን ሜጋፒክስል በቃላችን የምንወጣ እኛ ዲግሪ የጫንን ሰዎች፣ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ የትኞቹን ባንዶች እንደሚይዝ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ዶክትሬቴን ይዤ እናቴን ያለ ጥሪ አሜሪካ ልኬያታለሁ።

በሚቀጥለው ወር የምትመለሰው እኅቴ ለእናታችን ምን ስልክ ላምጣላት ብላ ጽፋልኛለች። የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር እንድትልክልኝና ሻጩ መቆለፊያ እንደሌለው በጽሑፍ እንዲሰጣት ነገሬያታለሁ። እዚህ ያሉትን ኩባንያዎች ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ በየትኞቹ ባንዶች እንደሚሠሩና ያንን ሞዴል ለቮልቲኢ ይፈቅዱለት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። መልሱ ሲደርሰኝ እንዳለ እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።